ሥዕሉ የት ይሰቀል?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ዓይን ገለል ሲል የኖረ ሰው ሥዕል በስጦታ ቢመጣላችሁ የት ትሰቅሉታላችሁ?

ይህ ጥያቄ እኛ ጋ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። የመዘምራን ቡድናችንን ለብዙ ዓመታት በአኮርዲዮን ያጀቡት ጋሼ ወደ ጌታ ከሄዱ ስድስት ወር ሆኗቸው ነበር። ስማቸው እንዲጻፍ እንደማይወዱ ስለማውቅ እንዲሁ ጋሼ ልበላቸው። ልጃቸው በዘይት ቀለም ያሣለችውን ሥዕላቸውን በነጠላ ጠቅልላ አመጣችና፣ “ቤት ሲሆን እማዬ ባየችው ቁጥር ታለቅሳለች። አባዬ የእናንተም አባት ነበር፤ እናንተ ጋ ይሁን” አለችን።

የመዘምራኑ ጸሐፊ ስለነበርኩ ሥዕሉን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ አኮርዲዮናቸውን ታቅፈው ፈገግ ብለዋል። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ከስብሰባው አላለፈም።

አንዱ ወንድም፣ “አዳራሹ ውስጥ ከመድረኩ በስተቀኝ ይሰቀል” አለ። አንድ ሽማግሌ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። “ልጆቼ፣ በአምልኮ ቦታ የሰው ምስል አንሰቅልም። ዛሬ በፍቅር ይሰቀላል፣ ነገ ይለመዳል፣ ከነገ ወዲያ ምን እንደሚሆን አታውቁም” አሉ። አንዲት እህት ቢሮውን አነሣች፤ ቢሮው ግን ሁልጊዜ እንደተቆለፈ ነው። ሳንስማማ ተበተንን። እኔ ሽማግሌው ጋሼን የናቁ መስሎኝ ተቀየምኩ። ሥዕሉ ከነነጠላው ዕቃ ቤት ገብቶ ከተሰበሩ ወንበሮች ጀርባ አራት ወር ተቀመጠ። ልጅቷን ከሩቅ ሳያት መንገድ እቀይር ነበር።

በዚያው ሰሞን ስለ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ሥዕል አነበብኩ። ባኽ ከ1723 እስከ ሞተበት እስከ 1750 እ.ኤ.አ. ድረስ በጀርመኗ ላይፕዚግ ከተማ፣ በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር አለቃ ነበር። በብዙ ድርሰቶቹ መጨረሻ ላይ ሦስት የላቲን ፊደላት ያኖር ነበር፤ ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ ማለት ናቸው። ኤሊያስ ጎትሎብ ሃውስማን የተባለ ሠዓሊ በ1748 የሣለው ሥዕሉ ብዙ ተንከራትቷል። ብሬስላው በተባለችው ከተማ፣ በዛሬዋ የፖላንድ ቭሮትስዋፍ፣ በአንድ ቤተሰብ እጅ ኖረ። በ1930ዎቹ የቤተሰቡ ልጅ ከናዚዎች ሸሽቶ ወደ እንግሊዝ ይዞት ሄደ። በጦርነቱ ጊዜ ሥዕሉ ከቦምብ እንዲተርፍ በገጠር ለሚኖሩ ወዳጆች በአደራ ተሰጠ። በዚያ ቤት ሥዕሉን እያየ ያደገው ልጅ ጆን ኤሊየት ጋርዲነር ነው፤ በኋላ የባኽን ዝማሬዎች በመምራት በዓለም የታወቀ ሰው ሆነ። በ1952 ዊልያም ሻይዲ የተባለ አሜሪካዊ ገዝቶት ከስድሳ ዓመት በላይ ቤቱ ውስጥ አኖረው። በ2014፣ በ100 ዓመቱ ሲሞት፣ ሥዕሉን ለላይፕዚግ የባኽ ቤተ መዛግብት ተናዞለት ነበር። በ2015 ሥዕሉ ባኽ ወዳገለገለባት ከተማ ተመለሰ። ዛሬ ከቶማስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ባለው ሙዚየም ይገኛል።

ልቤን የነካው ግን ባኽ በእጁ የያዘው ወረቀት ነው። ትንሽ የኖታ ወረቀት ወደሚያየው ሰው አዙሮ ይዟል። ኖታው ለስድስት ድምፅ የታሰበ ካኖን ነው፤ ካኖን ማለት አንዱ ድምፅ የጀመረውን ዜማ ሌላው እየተከተለ የሚያዜምበት ድርሰት ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፉት ግን ሦስት ድምፆች ብቻ ናቸው። የቀሩትን ሦስቱን ከተጻፉት ተነሥቶ ማግኘት የአንባቢው ፋንታ ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል የሚመቸው ቤት ወረቀቱን አይቶ የሚዘምር ሰው ያለበት ቤት ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ጠይቄ ሳልጨርስ ስለ ጋሼ ያወሩልኝ ጀመር። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቱ ተዘግቶ በየቤቱ ሲሰበሰቡ፣ ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አኮርዲዮኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይቀመጥ ነበር። ጋሼ በሹክሹክታ ያዘምሯቸው ነበር። “መድረክ ሲከፈትለት እንኳ ፊቱን ወደ መዘምራኑ፣ ጀርባውን ወደ እኛ አድርጎ ነው የሚጫወተው። አዳራሽ ውስጥ ብንሰቅለው መጀመሪያ የሚቃወመን እሱ ነው” አሉኝ። አፈርኩ። እሳቸው ጋሼን ከእኔ በላይ ያውቋቸው ኖሯል።

“ታዲያ የት ይሁን?” አልኳቸው። “ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነበር የምታገኘው?” ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ሄድኩ። ይህኛው ከሁሉም ከበደኝ። ስለ ዕቃ ቤቱ ሳልደብቅ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና ከመሳቢያ አንድ አሮጌ ደብተር አወጣች፤ የጋሼ የመዝሙር ደብተር ነው።

ዛሬ ሥዕሉ ጋሼ ልጆችን ባስተማሩባት፣ ከጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ጣራ የልምምድ ክፍል ተሰቅሏል። ደብተሩ ከሥሩ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማንም ይገልጠዋል። ከመዝሙሮቹ የሰባቱ ግጥም እንጂ ዜማቸው የሚያውቀው አልተገኘም ነበር። ሁለቱን እናቶች አስታውሰው ለልጆቹ አስተማሩልን። አምስቱ ቀርተዋል።

ወዳጆቼ፣ የእናንተም ዕቃ ቤት ውስጥ በፍቅር ተሰጥቶ አቧራ የለበሰ ነገር ይኖር ይሆናል። የትኛው ግድግዳ እንደሚሻል ከመከራከራችሁ በፊት ሰውዬው ሥራውን የት ይሠራ እንደነበር ጠይቁ። የሰጣችሁንም ሰው ሳትዘገዩ ሂዱና አነጋግሩት፤ እኔ አራት ወር ዘግይቻለሁ።

የአምስቱን መዝሙሮች ዜማ የምታውቁ እናቶችና አባቶች ካላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ኑልን። ክፍሏ ክፍት ናት።