ከቡቺ ጋር ወደ ፌርፋክስ

ሎስ አንጀለስ ያለው የፌርፋክስ ጎዳና፣ በኦሊምፒክና በፒኮ መካከል ያለው ክፍል፣ በፈረንጆቹ 2002 በከተማው ምክር ቤት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሏል። እኛ የምንኖረው ሳን በርናርዲኖ ስለሆነ እንጀራና ቡና ሲያምረን በፍሪዌይ 10 ከአንድ ሰዓት በላይ እንነዳለን። ልጆቹ ደግሞ ያለ ውሻቸው ያለ ቡቺ ንቅንቅ አይሉም። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ልጄ፣ ውሻም ይዛችሁ ሽርሽር ጀመራችሁ?» ብላ ስቃብናለች። አገር ቤት ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ማን መኪና ያስገባዋል!

ቡቺ ግን የመኪና ቁልፍ ድምፅ ሲሰማ ሰርግ የተጠራ ይመስለዋል። ይዘላል፣ ያለቅሳል፣ ባለፈው ሞተር ብስክሌት ሁሉ ላይ ይጮሃል። ፍሪዌይ ላይ ወደ ባለቤቴ ጭን ቢዘልስ?

ቁጣ አይመልሰውም፤ ስንጮህ አብረነው የምንጮህ ይመስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሳ ከእሱ ጋር መኪና ውስጥ ተቀመጥን። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተን ሳንንቀሳቀስ፣ ከዚያ እስከ ሰፈሩ ጥግ። በሩ የሚከፈትለት ዝም ሲል ብቻ ነው። ሳምንታት ፈጀ፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው አይሞክረው። አሁን ከመነሳታችን በፊት ልጆቹ በእግር ያደክሙታል፤ ምግቡንም ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ይበላል። ከኋላ ወንበር በደረት ማሰሪያ ከቀበቶው ጋር ይታሰራል። በአንገቱ ማሰር አይሆንም፣ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ያንቀዋል። የፊት ወንበርም በኤርባጉ ምክንያት አይታሰብም።

ፌርፋክስ ደርሰን የሚቆላው ቡና ሲሸተን ቡቺ እንደገና ያብዳል፤ እኔም ብዙ አልሻልም። ግን «አንድ ጊዜ በልተን እንመለስ» ብሎ መኪና ውስጥ ቆልፎበት መሄድ የለም። ውጭ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን እንኳ የተዘጋ መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ40 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግም እምብዛም አይረዳም። የካሊፎርኒያ ሕግም እንስሳን እንዲህ ባለ አደጋ ውስጥ ትቶ መሄድን ይከለክላል። ስለዚህ አስቀድመን ደውለን ደጅ ባለው ጠረጴዛ ውሻ ይፈቀድ እንደሆነ እንጠይቃለን። ካልተፈቀደ ተራ እንገባለን፦ አንዳችን ከልጆቹ ጋር እንበላለን፣ አንዳችን በጥላው በኩል ቡቺን እናንሸራሽራለን።

ከባዱ መመለሻው ነው። ልጆቹ ከተጠቀለለው ጥብስ ሊያቀምሱት ይለምናሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፤ ያለ ሽንኩርት ደግሞ ምን ወጥ አለን? ምግቡ ከኋላ ሻንጣ ቤት ይቆለፍበታል። ቡቺ እስከ ፖሞና ወደ ኋላ ዞሮ ሲያሸት ይቆይና ይተኛል።