የዕጣን መታወቂያ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሒሳብ እየያዝሁ ሦስት ክረምት ኖሬያለሁ። የተከራየኋት ክፍል አንዲት የጎንደር ሴት ግቢ ውስጥ ነበረች። እትዬ እንላቸዋለን። ቀን ቀን ገበያው ዳር አራት በርጩማ ደርድረው ሻይና የጀበና ቡና ይሸጣሉ፤ ሱዳኖቹ «ሲት ሻይ» ይሏቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን ቡናው ለግቢው ሰው ነው። ገንዘብ አይቀበሉም፤ ወሬ ይዞ መምጣት ብቻ ነው።

የዚያን እሑድ ወሬ ያመጣው ከጎጃም የወረደ ሳሉግ ነበር። ሳሉግ ማለት፣ ለማያውቅ፣ ከደጋ ወደ መተማና ሁመራ፣ ሲብስም ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ድረስ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ነው። ልጁ ስልኩ ላይ ሌት ተቀን ቢሰሙት የማያልቅ ስብከት ጭኗል። እትዬ አቦሉን ሊቀዱ ከሰሉ ላይ ዕጣን ጣል ሲያደርጉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ እኮ ባዕድ አምልኮ ነው።»

«የቱ?»

«ቡና ላይ ዕጣን ማጨስ። ዕጣን የቤተ ክርስቲያን ነው። ቤት ውስጥ ሲጨስ ግን ለአድባር ነው።»

እትዬ ሳይመልሱ ከጥግ ሳቅ ተሰማ። ሌላው ተከራይ ጀነሬተር ጠጋኝ ነው፤ ጌታን ከተቀበለ ሁለት ዓመቱ። «የቤተ ክርስቲያኑስ ከየት መጣና? ሐዋርያት ጽና ይዘው ሲዞሩ የት አነበብህ? እሱም ከአረማውያን የተወረሰ ነው» አለ።

«ዘጸአት ሠላሳ!» አለ ሳሉጉ።

«እሱ ኦሪት ነው።»

«ራእይ ስምንት! መልአኩ የያዘው የወርቅ ጽና ምንድን ነው ታዲያ?»

«እሱ ደግሞ ሰማይ ቤት ነው።»

እትዬ ስኒውን አቀበሉኝ። «እኔ የማጨሰው ቤቱ እንዲሸት ነው» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ደግሞም ለቤቱ» ብለው ጨመሩ። «ለቤቱ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። ሁለቱም ልጆች ቡናው እንዳይቋረጥ የፈሩ ይመስለኛል።

ሒሳብ ያዥ የዕቃን መነሻ ሳያውቅ አይተኛም። በማግስቱ ገበያ ወርጄ ሐሻብና ታልሃ ሙጫ ከሚሸጡት ሱዳናዊ ሽማግሌ ዘንድ ቆምሁ። ከሙጫው ጎን አንድ አፉ የተከፈተ የዕጣን ጆንያ አለ። «ይሄ ሉባን ከየት ነው?» አልኋቸው። ሽማግሌው በአገጫቸው ወደ ምሥራቅ አመለከቱ፤ «ከናንተ» አሉ። ያን ጧት ከዚያው ጆንያ ለሦስት ሰው ሲመዝኑ ቆሜ አየሁ። አንዱ ለቤተ ክርስቲያን የሚገዛ ዲያቆን ነው። ሁለተኛዋ ቡዳ ለማባረር ከሌላ በኹር ጋር የምትቀላቅል ሱዳናዊት ናት። ሦስተኛዋ እትዬ ናቸው፤ ሲያዩኝ ደነገጡ። ሚዛኑ አንድ፣ ዋጋው አንድ።

«ከናንተ» ያሉት ከመተማ ቆላ ነው፤ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ። የዕጣን ዛፍ ድንጋያማ ተረተር ላይ ይበቅላል፤ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ብራና እየተላጠ ይረግፋል፤ በጋ ላይ ቅጠል የለውም። ዝናብ ሲያበቃ አድሚዎች ሚንጋፍ በሚሏት ስለት ቅርፊቱን ጥቂት ይልጡታል። ነጭ እንባ ይወጣል፤ ይደርቃል፤ ይለቀማል። ያው ቁስል እንደገና ይላጣል። በአንድ በጋ ስምንት፣ ዐሥር፣ ዐሥራ ሁለት ጊዜ። ሚንጋፍ የሚለው ቃል ራሱ የሱዳን ነው፤ ዛፉ የእኛ፣ ስለቱ የእነሱ።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። ጀነሬተር ጠጋኙ ያወቀው ባይመስለኝም የያዘው ነገር ከጠረጠረው በላይ ጠንካራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ250 ገደማ የሮማው ንጉሥ ዳክዮስ ዜጋ ሁሉ ለአማልክት መሥዋዕት ያቅርብ ብሎ ዐወጀ። ብዙ አይጠየቅም ነበር፤ ቁንጥር ዕጣን እሳት ላይ መጣል ይበቃል። የጣሉት ዳኑ። ቤተ ክርስቲያንም ለእነዚህ ሰዎች ልዩ ስም አወጣችላቸው፤ «ዕጣን አጫሾች» እንደ ማለት ነው፤ ስድብ ነበር። በዲዮቅልጥያኖስ ዘመንም እንዲሁ። ስንክሳራችን «ለጣዖት ዕጣን አላጥንም» ብለው አንገታቸውን በሰጡ ሰማዕታት የተሞላ ነው። ከዳክዮስ ዐዋጅ ከ130 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ380ዎቹ፣ ኤገርያ የምትባል ተሳላሚ ኢየሩሳሌም ደርሳ በክርስቶስ መቃብር ላይ ጽና ገብቶ ቤተ መቅደሱ ሁሉ በመዓዛ ሲሞላ አየች፤ ጻፈችም። ትናንት ሰው የሞተበት ቁንጥር ዕጣን ዛሬ መሠዊያው ላይ ነው። እኛም ዛሬ የሰማዕታቱን ገድል የምንሰማው ዕጣን በሸተተበት ቤት ቆመን ነው።

ሳሉጉ ደግሞ ተሳስቷል ማለት አልችልም። ዕጣን በኦሪቱ ድንኳን ውስጥ ነበረ፤ ሰብአ ሰገልም ይዘውት መጡ። ግን ከዚያስ በፊት? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዘመን የግብጿ ንግሥት ሐትሼፕሱት መርከብ ሰዳ ጵንጥ ከሚባል አገር ዕጣንና የዕጣን ዛፍ ከነሥሩ አስመጣች። ሥዕሉ በመቅደሷ በዴር ኤል-ባህሪ ዛሬም አለ፤ ዛፎቹ በቅርጫት ተተክለው ሰዎች ተሸክመዋቸው ይሄዳሉ። ጵንጥ የት ነው በሚለው ሊቃውንት እስካሁን ይነታረካሉ፤ ብዙዎቹ ጣታቸውን የሚያሳርፉት ግን በምሥራቅ ሱዳን፣ በኤርትራና በሰሜን ኢትዮጵያ ላይ ነው። እነሱ ልክ ከሆኑ የዚህ ሰፈር ዕጣን ከክርስቶስ በፊት ያጠነው አሞን የሚባለውን ጣዖት ነው። ይሄን ለዲያቆኑ አልነገርሁትም።

በዚህ አካባቢ ጌታውን የቀየረው ዕጣን ብቻ አይደለም። ንጉሥ ኢዛና በመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቹ ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል፤ ማሕረም የአክሱም የጦር አምላክ ነው። በኋላ በድንጋይ ያስቀረጸው ግን የድሉን ምስጋና ለሰማይ ጌታ ይሰጣል። ያ ድል የተገኘው የት ነው? ተከዜን ተሻግሮ በኖባ ላይ በዘመተበት ጊዜ ነው፤ ተከዜም ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ወንዝ ጋር የሚገናኘው ለገዳሪፍ ጎረቤት በሆነ አገር ነው። አሮጌው አምላክ ከድንጋዩ ሲወርድ ያየው ይሄ ቆላ ነው።

እዚህ ላይ ከአውሮፓ ሁለት ሰዎች ልጥራ። ኒውማን የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1845 ባሳተመው መጽሐፍ ዕጣን፣ መብራት፣ ጠበልና ሌላም ዘርዝሮ «ሁሉም ከአረማውያን የመጣ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ተቀብላ ቀደሰችው» ሲል ያለ አንዳች እፍረት አመነ። ሂስሎፕ የሚባል የስኮትላንድ ሰባኪ በ1858 ያንኑ የመሰለ ዝርዝር አወጣ፤ እሱ ግን ያቀረበው እንደ ክስ ነው። የእኛ ግቢ ሁለት ልጆች ስለ ሁለቱም ሰምተው አያውቁም፤ ሙግታቸውን ግን ከነጉልበቱ ወርሰዋል።

ግራ የሚያጋባው ዛሩ ነው። በአማርኛ የደነበረ ሰው «ዕጣን እንደ ሸተተው ሰይጣን» ሮጠ ይባላል። ቤተ ክርስቲያን የሚጨሰው ርኩስ መንፈስን ያባርራል። ዛር ቤት የሚጨሰው ደግሞ መንፈሱን ይጠራል። ጆንያው አንድ ነው! ሰይጣን ከዚያው ጢስ አንዱን ሸሽቶ ወደ ሌላው የሚሮጠው በምን ለይቶት እንደሆነ ቄሶቹንም ባለዛሮቹንም ጠይቄ ያረካኝ መልስ አላገኘሁም።

የዛርን አገር ለማወቅ ሞከርሁ። ሱዳኖቹ ዘንድ ዛሮች በጎሳ ይከፈላሉ፤ አንዱ ጎሳ «ሐበሽ» ይባላል፤ ሲወርድ ቡና ይጠይቃል። እንግዲህ ለእነሱ ዛር ከእኛ የሄደ ነው። ጎንደር ብትጠይቁ ደግሞ ብርቱው ዛር ከቆላ፣ ከወዲያ ማዶ ይመጣል። ቼሩሊ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ ቃሉ የመጣው ከአገው የሰማይ አምላክ ስም ነው ብሎ ነበር፤ ሁሉም ባይስማማለትም እኔ ደስ ይለኛል። አምላክ የነበረው ተሽሮ ዛር ሆነ ማለት ነው፤ ከሹመት የወረደ ሁሉ መንደር ለመንደር ሰው ማስቸገሩ አይቀርም።

ይህን ነገር ከሁሉ በዝርዝር የጻፈው በዚሁ በር የገባ እንግዳ ነው። ከዳካር ተነሥቶ ጅቡቲ ድረስ የተጓዘው የፈረንሳዮች የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1932 በሱዳን በኩል ድንበሩ ላይ ባለችው ጋላባት አድርጎ መተማ ገባ። የቡድኑ አባል ሚሼል ሌሪስ ጎንደር ላይ ለወራት ከባለዛሮች ጋር ተቀምጦ የሚታረደውን፣ የሚጨሰውን፣ የሚጠጣውን ሁሉ መዘገበ። ባልደረቦቹ በዚያው ሰሞን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ነቅለው፣ በምትኩ ቅጂ ሰቅለው፣ ዋናውን ፓሪስ ወሰዱ። ከዛሮቹ አንዱ እንኳ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነቅሎ ሄደ ሲባል አልሰማሁም።

ቃላቱስ? ሳሉጉ እትዬን የከሰሰበት «አድባር» በግእዝ የደብር ብዙ ቁጥር ነው፤ ደብር፣ አድባር። ተራራውም ገዳሙም ማለት ነው። «ውቃቢ»ም «ዐቀበ» ካለው የወጣ ነው፤ ጠበቀ ማለት፤ ጠባቂ መልአክ ከሚለው የራቀ አይደለም። አረማዊው ነገር ወደ ቤተ መቅደስ ገባ እያልን ስንጮህ፣ የቤተ መቅደሱም ቃል በጓሮ በር ወጥቶ ዛፍ ሥር እንደተቀመጠ ልብ የሚል ጥቂት ነው። ቡናውንስ ቢሆን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን የምንቆጥረው በአረብኛ አይደለም እንዴ? እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ክርስቲያን ይሸሸው ነበር። ዛሬ ቡና የጠጣውን ሳይሆን ዕጣኑን ያጨሰውን ነው የምንወቅሰው። ይሄም መሻሻል ነው።

ነገሩ ሁሉ መስመር ማስመር ነው። የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር ያሰመረው ግዊን የሚባል የእንግሊዝ ሻለቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ውል ተፈረመ፣ በ1903 እሱ ብቻውን፣ ከኢትዮጵያ ወገን አንድ ሰው ሳይኖር ምልክት እየተከለ አለፈ። እስከ ዛሬ አል-ፋሽቃ በሚባለው የድንበር መሬት ላይ የምንወዛገበው በዚያ ጦስ ነው። በእኛም ግቢ ግዊን በዝቷል። ሳሉጉ መስመሩን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወዲያ ተከለው፤ ቡናው አረማዊ ሆነ። ጠጋኙ ከራሱ አዳራሽ ወዲያ ተከለው፤ ቤተ ክርስቲያኑ አረማዊ ሆነ። ጣቱ ላይ ግን የቃል ኪዳን ቀለበት አለ፤ ሮማውያን ከክርስትና በፊት ለእጮኞቻቸው ያጠልቁት የነበረ።

እኔስ? እናቴ በቀይ ቆዳ የሰፋችልኝ ክታብ ከፓስፖርቴ ጋር በአንድ ኪስ ይኖራል። ጋላባት ኬላ ስደርስ አንገቴ ላይ አደርገዋለሁ፤ ካለፍሁ በኋላ አወጣዋለሁ። ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ደስክና ዲኖ የሚባሉትን ጣዖታት ሲያሳድዱ ሕዝቡ ግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ ክንዱ ላይ ሰይጣንን የሚክድ ቃል እንዲጽፍ አዘው ነበር። እሳቸው በግንባር ካጻፉ እኔ በቆዳ ማንጠልጠሌ ብዙም አይከፋም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። የዚያን እሑድ ግን ስለ ክታቤ ትንፍሽ አላልሁም።

ክርክሩ በምን አለቀ ብትሉ፣ በረካው ሲቀዳ አለቀ። ሳሉጉ ሦስተኛውን ስኒ ጠጣ፤ ጢሱን ላለማሽተት አፍንጫውን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ ጠጣ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የካርቱሙ ጦርነት ሲነሣ የግቢው ሰው ተበተነ። እትዬ አሁን መተማ ዮሐንስ ናቸው፤ አራቱ በርጩማዎች አብረዋቸው ተሻግረዋል። ባለፈው ስጎበኛቸው ከሰሉ ላይ የጣሉት ዕጣን ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። «ምነው እትዬ፣ ባዕድ አምልኮ ተዉ እንዴ?» ብዬ ቀለድሁ። «ተወደደ፣ ልጄ» አሉኝ።

በነጋታው ከአንድ አድሚ ጋር ወደ ዛፎቹ ወጣሁ። ተመራማሪዎች እዚሁ መተማ፣ ለምለም ተራራ ላይ፣ የግንዱን ቀለበት እየቆጠሩ ዕድሜውን መርምረዋል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ችግኝ አድጎ ዛፍ ሆኖ አያውቅም። የበቀለውን ከብት ይግጠዋል፣ እሳት ይጨርሰዋል፤ የቆመውን ደግሞ ጥንዚዛና ሚንጋፍ ይካፈሉታል። እኔም እስከ ቀትር ድረስ ከክንዴ የቀጠነ የዕጣን ዛፍ ፈልጌ አላገኘሁም።