የጠገበ ዋልካ

በነሐሴ ከደጀን ተነስቶ በሉማሜ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፍ መንገደኛ በመስኮት የሚያየው ልምላሜ ብቻ ነው። ወርዶ ወደ ማሳው ጠጋ ቢል ግን ውሃ የተኛበት ቦታ አያጣም። እዚያ ላይ ያለው ስንዴ ከታችኛው ቅጠሉ ጀምሮ ቢጫ ሆኗል። ዝናብ አጥሮት አይደለም፤ መሬቱ ጠግቦ ነው።

ዋልካ የሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር ጠባዩ ለብቻው ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ክረምት ሲገባ ሸክላው ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁን ይደፍነዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚዘንበው መስረጊያ አጥቶ ላይ ላዩን ይቀራል። መሬት ጠገበ የሚባለው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ሞልቶ አየር ቦታ ሲያጣ ነው። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10 ሺህ ጊዜ ያህል ዘግይቶ ስለሆነ ሥሩ ይታፈናል። በብድር የተገዛው ዩሪያም አይተርፍም፤ አየር በሌለበት የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ለውጠው ያተኑታል።

ገበሬው መላውን ያበጀው ከጥንት ነው። ጤፍ ብዙዎቹ ሰብሎች የማይችሉትን እርጥበት ስለሚችል ዋልካው ለእሱ ይሰጣል። ሽንብራና ጓያ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ይዘሩና ነሐሴ ላይ ያስቸገረው አፈር በቋጠረው እርጥበት ያድጋሉ። ለትርፉ ውሃ ደግሞ ማሳውን ሰያፍ አቋርጦ ፈሰስ ይወጣለታል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ የነበረው የቁም እንስሳት ምርምር ማዕከል ኢልካ ከአገር በቀሉ ማረሻ ተነስቶ ቢቢኤም የተባለውን መሣሪያ አወጣ፤ 80 ሳንቲ ሜትር መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ እያፈራረቀ ይሄዳል። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍን አፈር ነውና ድካሙ የሚበዛበት አልነበረም።

የእኔ ጥያቄ ከፈሰሱ ጫፍ ይጀምራል። ነሐሴ ላይ ወሰን ዳር ቆሞ የሚሰማው ንግግር ይህ ነው፦

«ወንድሜ፣ ፈሰስህ እኮ ጤፌን ጠረገው!»

«ታዲያ ውሃውን የት ላድርገው?»

ሁለቱም እውነት አላቸው። የላይኛው ካላፈሰሰ ሰብሉ ይበሰብሳል፤ ካፈሰሰ የታችኛው ይጎዳል። የየማሳው ፈሰስ አንድ ላይ ሲገናኝ ጉልበት ያገኛል፤ ግጦሹን ይቦረቡራል፤ ቦረቦሩ ዓመት በዓመት ወደ ማሳው ሽቅብ እየበላ ይመጣል። አፈራችን ታጥቦ ዓባይ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ የጠገበ መሬት ጉዳይ የአንድ ገበሬ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። እርሻ በግል ነው፤ ውሃ ማውረድ ግን የላይኛውም የታችኛውም ተስማምተው፣ ሣር የለበሰ የጋራ መውረጃ ለይተው ቢሆን ነው የሚያዋጣው። በጥር ለተፋሰስ ሥራ ስንወጣ እርከኑ የት ይሠራ ከማለት ጋር ውሃው በማን በኩል ይውረድ ብለንም እንነጋገር። በበጋ፣ መሬቱ ደርቆ ልብም በረድ ባለበት ጊዜ ያልተስማማ ጎረቤት፣ ነሐሴ ላይ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሊስማማ አይችልም።