ደመወዙን ያልተቀበለው ሹም

«ሲሾም ያልበላ፥ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ በአገራችን አይገኝም። አንዳንዱ ሰው ለቀልድ ይናገረዋል፤ አንዳንዱ ግን እንደ ሕግ አንቀጽ ይጠቅሰዋል። እኛም ከልጅነታችን ጀምረን ስንሰማው ስለ ኖርን፥ ተሹሞ ሳይበላ የተሻረ፥ ተሽሮም ያልቆጨው ሰው በዓለም ታሪክ ይገኝ እንደ ሆነ ለማወቅ መጻሕፍት ስናገላብጥ ከአንድ እንግዳ ሰው ታሪክ ላይ ደረስን። ይህ ሰው ዣክ ኔኬር ይባላል። በመጀመሪያ ባለባንክ፥ በኋላም የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 16ኛ የገንዘብ ሹም ነበር። ታሪኩን በተለይ የመዝገብና የሒሳብ ሥራ ለሚሠሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኔኬር በ1732 ዓ.ም. በጄኔቫ ከተማ ተወለደ። ጄኔቫ በዚያን ጊዜ ራስዋን የቻለች ትንሽ ሪፑብሊክ ነበረች። አባቱ ከጀርመን አገር የመጣ የሕግ መምህር ነበር። ልጁ ገና ወጣት ሳለ ወደ ፓሪስ ተልኮ በአንድ የባንክ ቤት በጸሐፊነት ገባ። እንግዲህ አነሳሱ እንደ ብዙዎቻችን ከብዕርና ከመዝገብ ነው። በትጋቱ ከጸሐፊነት ወደ ሸሪክነት ከፍ አለ። በእህል ንግድና በመንግሥት የብድር ወረቀት ብዙ ሀብት አተረፈ። በ1764 ዓ.ም. ሱዛን ኩርሾ የምትባል የአንድ ድኻ ቄስ ልጅ አገባ። ልጃቸው ዤርሜን በኋላ ማዳም ደ ስታል ተብላ ስምዋ በድርሰት የገነነው ናት። በ1772 ዓ.ም. የ40 ዓመት ሰው ሆኖ የባንኩን ሥራ ሲተው፥ ለዕድሜው ልክ የሚበቃ ገንዘብ በእጁ ነበረ።

ሰው እንዲህ ከበለጸገ በኋላ ሹመት ለምን ይፈልጋል? ብለን ብንጠይቅ መልሱ አንድ ይመስለናል፤ ክብር ነው። ገንዘብ የያዘ ሰው የሚጐድለው ስም ነውና። ኔኬርም በ1773 ዓ.ም. ስለ ጥንቱ የገንዘብ ሚኒስትር ስለ ኮልቤር የጻፈው ውዳሴ ከፈረንሳይ አካዳሚ ሽልማት አስገኘለት። ሁለት ዓመት ቈይቶም ስለ እህል ንግድ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚህ በኋላ ስሙ በቤተ መንግሥት ይነሣ ጀመር።

ይሁን እንጂ ሦስት ዕንቅፋት ነበረበት። አንደኛ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ሁለተኛ ከመኳንንት ወገን አይደለም፤ ሦስተኛ በካቶሊክ መንግሥት ውስጥ ፕሮቴስታንት ነው። ነገር ግን ፈረንሳይ የአሜሪካን ነጻነት ለመደገፍ ከእንግሊዝ ጋራ ልትዋጋ ተቃርባ ስለ ነበረ፥ አበዳሪዎች የሚያምኑት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ስለዚህ በ1776 ዓ.ም. በግምጃ ቤቱ ላይ ተሾመ። በማግሥቱ ዓመት የገንዘብ ዋና ዲሬክቶር ተባለ። የቀድሞዎቹ ሹሞች ማዕረግ ግን በሃይማኖቱ ምክንያት አልተሰጠውም፤ በንጉሡ ምክር ቤትም መቀመጫ አላገኘም። እሱም በበኩሉ ደመወዝ አልቀበልም አለ፤ አልተቀበለምም። ሹመት ማለት ሀብት ማካበቻ በነበረበት ዘመን ይህ ነገር ሰውን ሁሉ አስደነቀ።

በሥራውም ላይ ብርቱ ነበር። ጥቅማቸው ለባለቤቶቻቸው ብቻ የነበሩትን ብዙ የሹመት ቦታዎች ሰረዘ። ሕዝቡ ስለ ግብሩ የሚመክርበት የክፍለ ሀገር ጉባኤ በቤሪ አውራጃ በ1778 ዓ.ም. እንዲቋቋም አደረገ። በ1779 ዓ.ም. በንጉሡ ርስት ላይ ከመሬቱ ጋራ ታስረው ይኖሩ የነበሩ ባላገሮች ነጻ እንዲወጡ ዐዋጅ ታወጀ። ባለቤቱም በ1778 ዓ.ም. በፓሪስ ድኾች የሚታከሙበት ሆስፒታል አቋቋመች፤ ሆስፒታሉ ዛሬም በኔኬር ስም ይጠራል።

ወደ ታሪኩ እምብርት የምንደርሰው ግን ጦርነቱን ስናነሣ ነው። ኔኬር ለጦርነቱ አዲስ ግብር በሕዝብ ላይ አልጣለም፤ ተበደረ። የተበደረውም ከ500 ሚሊዮን ሊቭር በላይ ነው። ከብድሮቹም ብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ብድር የሚባሉት ነበሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አበዳሪው ገንዘቡን ለመንግሥት ይሰጣል፤ መንግሥትም አንድ የተሰየመ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ በየዓመቱ ከመቶ ስምንት፥ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ይከፍለዋል። የተሰየመው ሰው ሲሞት ዕዳውም አብሮ ይሞታል። ነገር ግን የሚሰየመው የሰባ ዓመት ሽማግሌ ቢሆን ወይም የሰባት ዓመት ሕፃን፥ የክፍያው መጠን ልዩነት አልነበረውም።

የጄኔቫ ባለባንኮች ይህችን ቀዳዳ ፈጥነው አዩዋት። ሐኪም እያማከሩ፥ ፈንጣጣ ታመው የዳኑ፥ በደኅና ቤት ያደጉ ትንንሽ ልጃገረዶችን መርጠው የሠላሳ ሠላሳ ስም ዝርዝር አዘጋጁ። ገንዘባቸውንም በልጆቹ ዕድሜ ላይ አኖሩት። ከልጆቹ አንዲቱ ስትታመም የታመመችው የእናትና የአባትዋ ልጅ ብቻ አልነበረችም፤ የብዙ ሰው ገቢም አብሮ ይታመም ነበር። ልጆቹ አደጉ፥ ተዳሩ፥ ወለዱ፤ የፈረንሳይም ግምጃ ቤት ከፈለ። ከዚያው ሙያና ከዚያው ከተማ የወጣ ሰው ይህንን ሳያውቅ ቀረ ማለት ያስቸግራል። ኔኬር ለራሱ አንድ ሳንቲም አልወሰደም፤ ነገር ግን የነገውን ሰው እንጀራ ለዛሬው ጦርነት አዋለው።

ከዚህ ቀጥሎ በ1781 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከዚያ በፊት በፈረንሳይ ያልተደረገ ነገር አደረገ። እስከዚያ ድረስ የመንግሥት ሒሳብ የንጉሥ ምሥጢር ነበር። ኔኬር ግን ለንጉሡ ያቀረበውን ሒሳብ በመጽሐፍ አሳትሞ በአደባባይ እንዲሸጥ አደረገ። መጽሐፉ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ቅጂ ተሸጠ። ከልብስ ሰፊ እስከ መስፍን ድረስ ሰው ሁሉ አነበበው። ለመኳንንትና ለባለሟሎች በየዓመቱ 28 ሚሊዮን ሊቭር ዳረጎት እንደሚከፈል ሕዝቡ ያን ጊዜ ተረዳ። በመደምደሚያውም የመንግሥቱ መደበኛ ገቢ ከመደበኛው ወጪ በ10 ሚሊዮን 200 ሺህ ሊቭር እንደሚበልጥ ተጽፎ ነበር።

ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት እንዴት ገንዘብ ይተርፈዋል? ምሥጢሩ «መደበኛ» በምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። የጦርነቱ ወጪ መደበኛ አይደለም ተብሎ ከሒሳቡ ውጭ ቀርቷል። የመጽሐፉ ሽፋን ሰማያዊ ነበር፤ በፈረንሳይኛም «ሒሳብ» እና «ተረት» የሚባሉት ቃሎች ሲነገሩ ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ፥ ጠላቶቹ መጽሐፉን ሰማያዊ ተረት እያሉ ቀለዱበት። የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ሕዝብን አታለለ ይሉታል። ሌሎቹ ደግሞ መደበኛውንና ልዩውን ወጪ መለየት የዘመኑ ልማድ ነበረ፥ አንድም የሐሰት ቍጥር አልጻፈም ይላሉ።

እኛ የሁለቱንም ወገን ክርክር ስናነብ፥ በሥራ ዘመናችን መጀመሪያ ያየነው አንድ ነገር ትዝ አለን። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል ታናሽ ጸሐፊ ሆነን ሳለ፥ ሰኔ 30 የበጀት መዝጊያ ቀን ደረሰ። ዳቦ የሚያቀርብ አንድ ነጋዴ የሁለት ወር ሒሳቡን አቅርቦ ነበር። ዕቃው መግባቱን የሚያረጋግጠው ሞዴል 19 ተቈርጦለታል፤ የጐደለው ፊርማ ብቻ ነበር። ነገር ግን ይህ ወጪ ከተመዘገበ የዓመቱ ሒሳብ ከበጀቱ በላይ ሊሆን ነው። አለቃው ወረቀቱ በመሳቢያ እንዲቈይ አዘዘ። ወደ በላይ የተላከው ሪፖርት የጸዳና ያማረ ሆነ፤ ምስጋናም ተጻፈበት። በሪፖርቱ ውስጥ ከተጻፉት ቍጥሮች አንዱ ስንኳ ሐሰት አልነበረም። ነጋዴው ግን በዚያ ዝናም ሐምሌንና ነሐሴን በየሳምንቱ እየመጣ ከደጅ ይቆም ነበር። ሁልጊዜ የሚጠይቀንም፥ ጌቶቼ፥ ዳቦው አልተበላም ወይ? እያለ ነበር።

በክፍላችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ የሒሳብ ሹም ነገሩ እጅግ ያሳዝናቸው ነበር። እኛን ልጆቼ እያሉ፥ መዝገብ የሚዋሸው በጻፈው ብቻ እንዳልሆነ፥ በተወውም ጭምር እንደሚዋሽ ያስተምሩን ነበር። በጻፈው ሲዋሽ መርማሪ ይደርስበታል፤ በተወው ሲዋሽ ግን የሚደርስበት የተበደለው ሰው ብቻ ነው ይሉ ነበር። የኔኬርን ሒሳብ ባነበብን ጊዜ የታየን የእሳቸው ፊት ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ኔኬር በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በንጉሡ ምክር ቤት መቀመጫ ቢጠይቅ ስላልተፈቀደለት ሥራውን ለቀቀ። በእሱ እግር የገቡት ሹሞች ግን ከሒሳቡ ጥላ ሊወጡ አልቻሉም። በ1787 ዓ.ም. ካሎን የተባለው ሹም የመንግሥቱ ገንዘብ እጅግ መጕደሉን ገልጦ አዲስ ግብር ቢጠይቅ፥ ሰዎቹ ትናንት ትርፍ ነበረ ከተባለ ገንዘቡን ማን በላው? አሉት። እነሆ፥ ያማረ ሪፖርት የሚያስከትለው ጕዳት ይህ ነው። እውነተኛው ችግር በመጣ ጊዜ ሰው እንዳያምን ያደርጋል። በ1788 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ወጪ ግማሽ ያህሉ ለዕዳና ለወለድ ብቻ የሚከፈል ሆነ። ግምጃ ቤቱ መክፈል ቢያቅተው፥ ንጉሡ በነሐሴ ወር ያንኑ ኔኬርን መልሶ ጠራው።

በዚያ ዓመት መከሩ ተበላሽቶ ዳቦ ተወድዶ ነበር። ኔኬር ከውጭ አገር እህል ሲያስመጣ፥ በአምስተርዳም ያለው የሆፕ ባንክ ዋስ ጠየቀ። የንጉሡ ቃል ዋስ መሆኑ ቀርቶ ነበርና፥ ኔኬር በግምጃ ቤቱ ውስጥ ያስቀመጠውን የራሱን 2 ሚሊዮን ሊቭር መያዣ አድርጎ ሰጠ። ሐምሌ 11 ቀን 1789 ዓ.ም. ለምሳ ተቀምጦ ሳለ ከአገር በጸጥታ እንዲወጣ የንጉሡ ትእዛዝ ደረሰው። ለማንም ሳይነግር ከባለቤቱ ጋራ በሠረገላ ተነሥቶ ሄደ። መባረሩ በተሰማ ጊዜ የፓሪስ ሕዝብ የእሱን የሰም ምስል ተሸክሞ በየመንገዱ ወጣ፤ በሦስተኛውም ቀን የባስቲይ ወኅኒ ተሰበረ። እሱ ግን ብራስልስ እንደ ደረሰ ወደ ሆፕ ባንክ ደብዳቤ ጻፈ። ቢሻርም ዋስትናው የጸና መሆኑንና እህሉ ወደ ፓሪስ መላኩ እንዳይቋረጥ አስታወቀ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። ያባረረው መንግሥት የሚበላውን ዳቦ በራሱ ገንዘብ ዋስ የሆነ የተሻረ ሹም በታሪክ ስንት ይገኛል? በ1781 ዓ.ም. ባቀረበው ሒሳብ የምንወቅሰውና በ1789 ዓ.ም. ለጻፈው ደብዳቤ የምናከብረው አንድ ሰው ነው። ሰውን በአንድ ገጽ ብቻ አንብቦ መዝጋት እንደማይገባ ከዚህ ተምረናል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ንጉሡ እንደገና ጠራው፤ ሕዝቡም በእልልታ ተቀበለው። ነገር ግን የአብዮቱ ጐርፍ በሒሳብ ዕውቀት የሚገደብ አልነበረም። በመስከረም 1790 ዓ.ም. ሥራውን ለቆ ሲሄድ፥ ከዓመት በፊት ሕዝብ እያጨበጨበ ባሳለፈው አገር ውስጥ በመንገድ ላይ በጥርጣሬ ተያዘ። በስዊስ በኮፔ መኖሪያው ዐርፎ በ1804 ዓ.ም. ሞተ። ሁለቱ ሚሊዮን ሊቭር በሕይወቱ ሳለ አልተመለሰለትም። ልጁ ማዳም ደ ስታል ያስመለሰችው ንጉሦቹ ከተመለሱ በኋላ በ1815 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ተረቱ እውነት ሆነ ወይስ ሐሰት? ኔኬር ሲሾም አልበላም። ሲሻር ግን ቆጭቶታል። የቆጨውም ያልበላው ገንዘብ አይደለም። በኮፔ ተቀምጦ በ1791 ዓ.ም. ስለ ራሱ አስተዳደር መጽሐፍ ጻፈ፤ የሚሟገተውም ሒሳቡ እንዲታመንለት ነው። የሚቆጭ ሹም እንዲህ ባለው ነገር ቢቆጭ መልካም ነው እንላለን።

በመዝገብ ፊት የምንቀመጥ ሁሉ ከዚህ ሰው ሁለት ነገር እንውሰድ። አንደኛው ንጹሕ እጅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እሱ በሒሳቡ ያጐደለው ነው፤ ይኸውም ምንም ነገር በመሳቢያ ያልቀረበት ሙሉ መዝገብ። እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው፥ እጄ ንጹሕ ነውና መዝገቤን አትመርምሩ ሊል አይገባውም። በደጃችን የቆመውም ባለገንዘብ የሚያየው እጃችንን ሳይሆን የእሱ ወረቀት የት እንዳለ ነውና፥ ሰኔ 30 በደረሰ ቍጥር መሳቢያችንን ከፍተን እንመልከት።