ፊውዳሏ እናታችን

እናንተዬ፣ ዊንጌት ውስጥ እንደ እናታችን የታወቀች «ፊውዳል» የለችም። ርስት የላትም፣ ጭሰኛ የላትም። ያላት ከታክሲ መያዣው ገባ ብሎ ያለ የሽሮና የበርበሬ ሱቅ ነው፤ እሱም ኪራይ! ቢሆንም ሃምሳና ስድሳ ዓመት የደፈኑት የሰፈራችን ሰዎች ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ ሰላምታቸው አንድ ነው፤ «ፊውዳሏ! እንዴት አደርሽ?» አንዳንዱማ ይጨምርበታል፤ «እስቲ በሞቴ፣ ያቺን አረማመድ አንዴ አሳዪን!»

እናታችን አታሳይም። ሚዛኑን ታስተካክላለች፣ ሽሮውን ትቋጥራለች፣ «ሌላስ?» ትላለች።

እኛ ሁለት እህትማማቾች (አንዳችን ጋዜጠኝነት፣ አንዳችን ሒሳብ አያያዝ ተመርቀን እስካሁን ሱቅ የምናግዝ!) ይህን እያየን ነው ያደግነው። እውነቱን እንናገርና በእሷ እናፍር ነበር። ሰው በፍቅር ሲጠራት ምናለ ፈገግ ብትል? ምናለ አንዴ ብትራመድላቸው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ 1975 ዓ.ም.፣ ደርግ ነው። ያኔ ቀበሌው ሁሉ የራሱ የኪነት ቡድን ነበረው። ወጣቱ ማታ ማታ አዳራሽ ተሰብስቦ መዝሙር ያጠናል፣ ድራማ ይለማመዳል፣ በበዓል ቀን ያቀርባል። ድራማው ውስጥ መቼም ሁለት ሰው አይጠፋም፤ አንድ ጀግና ላብ አደርና አንድ ሆዱ የተነፋ ፊውዳል። እናታችን በአሥራ ሦስት ዓመቷ የፊውዳሉን ሚስት ሆና ተጫወተች። ነጠላዋን ወደ ኋላ ወርውራ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች መድረኩን ስታቋርጥ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ከዊንጌት እስከ ጳውሎስ ስሟ ፊውዳሏ ሆነ። ሁለት ዓመት ተጫውታ ተወችው። ለምን ስንላት «ትምህርት በዛብኝ» ነው መልሷ።

ስም አንዴ ከተለጠፈ መቼም አይለቅም። ሰፈራችን ራሱ ምስክር ነው። ጄኔራል ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. ከጃንሆይ ጋር የገባ እንግሊዛዊ መኮንን ነበር። ትምህርት ቤቱ ከመከፈቱ በፊት በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል፤ በስሙ የተሰየመውን ግቢ በዓይኑ አላየውም። ስሙ ግን ከትምህርት ቤቱ አልፎ ለሰፈሩ፣ ከሰፈሩም ለታክሲው ተረፈ። ይኸው ወያላው ዛሬም ቀኑን ሙሉ ይጠራዋል!

እናላችሁ፣ በ2016 ዓ.ም. ሙሉቀን መለሰ አሜሪካ ውስጥ ማረፉን የሰማን ቀን እኛ ቤት ክርክር ተነሣ። ሙሉቀን ገና ልጅ ሳለ ማይክ የጨበጠ፣ በ1960ዎቹ አዲስ አበባን ያስጨፈረ ድምፅ ነው። በ1970ዎቹ ወንጌል አማኝ ሆኖ ዘፈኑን ተወ፣ ወደ አሜሪካም ተሻገረ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በተባሉት አልበሞቹ የድሮ ሸክላዎቹን ለዓለም ሲያዳርስ፣ ባለድምፁ ግን ከዘፈኑ ርቆ በዝማሬው ነበር። በፖሊስ ኦርኬስትራ የገነነችው ሒሩት በቀለም እንዲሁ ዘፈኗን ትታ ወደ መዝሙር ሄዳለች።

እኛ ተናደድን። «ሄደች አሉ»ን ያለ እሱ ማን ይዘፍነዋል? አርባ ዓመት ሙሉ ለናፈቀው ሕዝብ አንድ ምሽት፣ አንዲት ዘፈን ብትሰጠው እምነቱ ምን ይጎድልበታል? ይኼ ኩራት ነው፣ ያሳደገን ሕዝብ መግፋት ነው አልን። (አንዳችን እንደ ጋዜጠኛ፣ አንዳችን እንደ ሒሳብ ባለሙያ መሆኑ ነው። ዕዳው አልተከፈለም!)

ለክርክራችን ማስረጃ ፍለጋም ጎግል ገባን። የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ! ሊዮናርድ ኒሞይ የተባለው አሜሪካዊ ተዋናይ «ስታር ትሬክ» ላይ ስፖክ የሚባለውን ጆሮ ሹል ሰው ሆኖ ከተጫወተ በኋላ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. «ስፖክ አይደለሁም» የሚል መጽሐፍ ጻፈ። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ «ስፖክ ነኝ» ብሎ ሌላ ጻፈ። እንግሊዛዊው አሌክ ጊነስማ ይብሳል። «ስታር ዎርስ»ን ከመቶ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ ያለውን ልጅ፣ ሁለተኛ እንዳያየው ቃል ግባልኝ ብሎ አስለቅሶታል። ይህንን በማስታወሻው የጻፈው ራሱ ነው። እኛም አገር ቢሆን አበበ ባልቻን ከ«ሰው ለሰው» ወዲህ ስንቱ ነው «አስናቀ» ብሎ የሚያውቀው?

እናታችን ይህን ሁሉ ስንደረድር ቡናውን እየቀዳች ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያ፣ «እናንተ ያያችሁት የፊቱን ነው፤ ሰውየው የሚያውቀው የኋላውን ነው» አለችን። «የምን ኋላ?» አልናት። ሲኒውን አስቀመጠችና በአርባ ዓመቷ ተናገረች።

ያ አረማመድ የእሷ ፈጠራ አልነበረም። ከአዳራሹ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ሦስት ክፍል ቤት ትተውላቸው፣ በኪራዩ ነበር የሚኖሩት። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የትርፍ ቤት አዋጅ መጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም፣ ለተወረሰው ቤትም ካሳ የለም ተባለ። ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ የእሳቸውም ክፍሎች አብረው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በተወረሱት ቤቶቻቸው በር ፊት እያለፉ ውሃ ይቀዱ ነበር። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ፣ ግራና ቀኝ ወዝወዝ እያሉ። የኪነቱ ልጆች ያንን አይተው፣ «ዛሬም ኩራቷ አለቀቃትም» ብለው ይስቁ ነበር። እናታችን መድረክ ላይ ያወጣችው እሱን ነው።

በበዓሉ ቀን ባልቴቲቱ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ስብሰባ ላይ መቅረት አይቻልማ! ሰው ሲስቅ ወደ እሳቸው እየዞረ ነበር የሚስቀው። በማግሥቱ መንገድ ላይ ተገናኙ። እናታችን ልትሮጥ ስትል ጠሯትና ትኩስ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። «ጎበዝ የኔ ልጅ፣ ደህና አድርገሽ ይዘሽኛል» አሏት።

ዳቦውን በላችው። ሁለት ዓመትም ተጫወተች። የተወችው ባልቴቲቱ ሲታመሙ ከአያታችን ጋር ልትጠይቃቸው የገባች ቀን ነው። አያታችን እግራቸውን በቅቤ ስታሻቸው አየች፤ ጉልበታቸው እንደ ድንጋይ አብጦ ነበር።

«ኩራት መስሎኝ ነበር» አለችን እናታችን። «እግራቸውን ነበር የሚያማቸው።»

ዝም አልን። ጋዜጠኛዋም ዝም፣ ሒሳብ ባለሙያዋም ዝም።

እናም ወዳጆቻችን፣ ከዚያን ቀን ወዲህ የምናስበው ይህን ነው። የሙሉቀንና የእናታችን ምክንያት አንድ አይደለም። እሱ ለእምነቱ ብሎ ነው የተወው፣ እሷ በጸጸት። ከውጭ ስናየው ግን ሁለቱም «ኩራተኛ» ይመስላሉ። ልክ ባልቴቲቱ ሲራመዱ እንደመሰሉት! ሰው የታወቀበትን ነገር ሲሸሽ እኛን የሸሸ ይመስለንና እንቀየማለን። እኛ የምናስታውሰው ሳቁን ነው። እሱ ደግሞ ከሳቁ በኋላ መንገድ ላይ የገጠመውን ያስታውሳል። ዘፈኑ አንዴ ከወጣ የእኛም ነው፤ ማንም አይነጥቀንም፣ እናታችንም ራሷ ሙሉቀን በሬዲዮ ሲመጣ ድምፁን ከፍ ታደርጋለች። ሰውየው ግን የራሱ ነው። ከወደድነው ዘፈን ጋር አብሮ አልተሸጠልንም።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፋችን በፊት አነበብንላት። የባልቴቲቱን ስም አውጡት አለችን፤ አወጣነው። ከዚያ ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «ዳቦው ትኩስ እንደነበረ ጻፋችሁ?» ብላ ጠየቀችን። ጽፈናል።

ባለፈው ቅዳሜ ያ ሁልጊዜ የሚመጣው ሰውዬ መጣ። «ፊውዳሏ! ያቺን አረማመድ…» ሊል ሲጀምር ቀደምነው። «ጋሼ፣ ሽሮ ስንት ኪሎ ላድርግልዎ?» አልነው። ቅር አለው መሰለን። እናታችን ግን ከሚዛኑ ጀርባ ሆና ቀና ብላ አየችን፣ ትንሽም ፈገግ አለች።

ቸር ይግጠመን!