ሣር የመሰለኝ ዛፍ

በልጅነቴ በደብረ ታቦር አጠገብ ጥጃ ስጠብቅ፥ ፀሐይ ሲበረታብኝ ጥጆቼን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን እገባ ነበር። ከዛፎቹ ጥላ በታች ያለው ለምለም ሁሉ ሣር ይመስለኝ ስለ ነበረ፥ ጥጆቹ ሲግጡት ደስ ይለኝ ነበር።

ደን ግን የራሱ ሥርዐት አለው። ጉሬዛ በዛፍ ላይ ሆኖ ቅጠል በልቶ እንዲኖር፥ ሆዱ እንደ ላም ሆድ በክፍል በክፍል የተሠራ ነው። ሾላም ፍሬውን አጣፍጦ ዘሩን ለወፍና ለጦጣ ያሸክማል። ከዛፎቹም ብዙዎቹ በልጅነታቸው በትልልቆቹ ጥላ ሥር ሆነው ቀስ ብለው ያድጋሉ።

የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደቡብ ጎንደርን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች መርምረው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ጥናታቸውን አቅርበዋል። ይኸውም የብዙዎቹ ዛፎች ዘር፥ እህል በጎተራ እንደሚቀመጥ፥ በአፈር ውስጥ ተኝቶ አይቈይም ማለት ነው። ስለዚህ ችግኙ በከብት ከተበላ፥ ያረጀውን ዛፍ የሚተካ አይገኝም። ለካ ጥጆቼ የበሉት ሣር ሳይሆን የደኑን ልጆች ኖሯል!

ዛሬ በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተክቧል። እኔም ልጄን ወደዚያ ወስጄ ጣት የምታህል የወይራ ችግኝ ባሳየው፥ «አባባ፥ ይህ ሣር አይደለምን?» አለኝ።

«ልጄ፥ ይህስ ዛፍ ነው» አልሁት።

ወላጆች ሆይ፥ እኔ ዘግይቼ ያወቅሁትን ልጆቻችን በጊዜው ይወቁት።