በሜዳውና በደጋፊው ፊት

የስፖርት ጋዜጠኞቻችን የማይሰለቹት አንድ አባባል አለ፤ «በሜዳውና በደጋፊው ፊት»። ቡድን ሲያሸንፍ «በሜዳውና በደጋፊው ፊት አሸነፈ» ይባላል። ሲሸነፍም «በሜዳውና በደጋፊው ፊት ተሸነፈ» ይባልና ሽንፈቱ የባሰ ያማል። አብረው ከመጠራታቸው ብዛት ሜዳና ደጋፊ የማይነጣጠሉ ይመስሉን ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ተነጣጠሉ። መስከረም 29 ቀን ዋሊያዎቹ ባሕር ዳር ላይ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፉ። ብዙም ሳይቆይ ካፍ ስታዲየሙ መስፈርት አያሟላም ብሎ ከለከለን፤ የአዲስ አበባ ስታዲየም እንደሆነ ቀድሞውኑ ከዓለም አቀፍ ጨዋታ ውጪ ነበር። ስለዚህ ኅዳር 2 ቀን ጋናን «ያስተናገድነው» ጆሃንስበርግ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም ሆነ፤ 1 ለ 1 ተለያየን። ሰኔ 2 ቀን ደግሞ ግብፅን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ «ተቀብለን» በዳዋ ሆጤሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፍናት።

ግብፅን እኮ ነው! ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ይህችኑ ግብፅ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳነው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ስታዲየሙ ጢም ብሎ ነው። የ2014ቱ ድል ግን ሰው አገር ነው የሆነው። የእህቴ ልጅ ያኔ ገና ትንሽ ነበር፤ የጨዋታውን ወሬ ሲሰማ «አጎቴ፣ ማላዊ የኛ ሜዳ ናት እንዴ?» አለኝ። በወረቀት ላይ አዎ።

ዛሬ 12 ዓመቱ ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጎፋ ነው የምንኖረው። ኳስ እንደ ነፍሱ ይወዳል፤ ብሔራዊ ቡድኑን ግን ስታዲየም ገብቶ አይቶ አያውቅም። ምን እንደቀረበት ላስረዳው ስሞክር ነው ስለ ደጋፊ የተጻፉ ጥናቶችን ማንበብ የጀመርኩት።

ደጋፊ በትክክል ምን ያደርጋል? «ተጫዋቹን ያበረታል» እንላለን። ጥናቶቹ ግን ሌላ ሰው ያሳዩናል፤ ዳኛውን። አለን ኔቪልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት 40 ዳኞች የአንድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ቪዲዮ እያዩ ጥፋት ነው አይደለም ብለው እንዲወስኑ ተደረገ። ከፊሎቹ ከነተመልካቹ ጩኸት፣ ከፊሎቹ ድምፁ ጠፍቶ አዩት። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ የያዙት ጥፋት በ15.5 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቪዲዮው ያው ነው፤ የተለየው ጆሮ ውስጥ የገባው ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ይህ በእውነተኛ ጨዋታ ታየ። ካታኒያ ላይ በተነሳ ረብሻ አንድ ፖሊስ ሞተና የደኅንነት መስፈርት ያላሟሉ ስታዲየሞች ያለ ተመልካች እንዲያጫውቱ ታዘዘ። (መስፈርት ያላሟላ ስታዲየም፤ የኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።) ፔተርሰን-ሊድቦምና ፕሪክስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ኢኮኖሚስቶች መረጃውን ሲመረምሩ፣ ተመልካች ባለበት ዳኛው በእንግዳው ቡድን ላይ ጠንከር፣ በባለሜዳው ላይ ላላ ይል ነበር። ልዩነቱ የመጣው ከተጫዋቾቹ ሳይሆን ከዳኛው ነው ብለው ደመደሙ።

እንግዲህ ከሜዳችን ስንወጣ የቀረብን ዘፈኑና ባንዲራው ብቻ አይደለም። ፊሽካው አፍ ላይ ደርሶ የሚያመነታባት ያች ቅጽበትም ቀርታብናለች። ከፍታውም አለ፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሊሎንግዌ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ። በደቡብ አሜሪካ 1,460 ጨዋታዎችን የመረመረ ጥናት ከፍታ ላይ ያለ ባለሜዳ ዝቅ ካለ ቦታ የመጣን እንግዳ ሲገጥም የማሸነፍ ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል። ያንንም አየር እዚሁ ትተን ነበር የምንሄደው።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ሰማኝና «እኔን ግን ጩኸት አይረዳኝም» አለ። እውነቱን ነው፤ ለዚህም ጥናት አለ።

ፑል ቤት የገባችሁ ታውቁታላችሁ። ብቻውን ሲጫወት አንድም የማይስት ልጅ አለ፤ ሰው ሲከበው ይብስበታል። ሌላው ደግሞ አራት ሰው ቆሞ ሲያየው ዱላው መያዣው ይጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አስቀመጠው። አራት ተመልካቾች ጠጋ ብለው ሲያዩ የጎበዞቹ የተሳካ ምት ከ71 ወደ 80 በመቶ ወጣ፤ የደካሞቹ ከ36 ወደ 25 ወረደ። ሮበርት ዛዮንስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ምክንያቱን ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ጽፎት ነበር፤ ሰው ሲያየን ቀድሞ የሚወጣው ሰውነታችን አብዝቶ የለመደው ነገር ነው። የለመድነው ትክክለኛው ከሆነ ተመልካች ያነሳናል። ገና እየተማርን ከሆነ ግን ስሕተታችንን ነው የሚያወጣው።

ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሠራሽ ሣር የተነጠፈባት ትንሽ ሜዳ አለች። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ይሠለጥናሉ፣ እኛ ትልልቆቹ አጥሩን ይዘን እንቆማለን። «ምታ!» «አቀብል!» «ምን ትነካካለህ፣ ልቀቃት!» ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ነገር ያዛል፤ አንዱ ቡናውን እንደያዘ ነው የሚጮኸው። ክፋት የለውም፣ ፍቅር ነው። ልጁ ግን ቀኝ እግር ነው፤ አሰልጣኙ ግራውን እንዲለምድ ይፈልጋል። ቤት፣ ግቢ ውስጥ ብቻውን ሲሆን በግራው ይሞክራል። ሜዳ ላይ «ምታ!» ሲባል ኳሷን ወደ ቀኙ ይጎትታታል፤ እስኪጎትታት ደግሞ ይነጠቃል። አንድ ቅዳሜ ቤት ሲመለስ «ይቅርብኝ፣ አልሄድም» አለ።

ሳያን ቢሎክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 የእግር ኳስ ተጫዋቾችን በምልክቶች መሃል ኳስ እያንከባለሉ እንዲያልፉ አድርገው ነበር። አንድ ጊዜ ኳሷን የሚነካው የእግራቸው ጎን የትኛው እንደሆነ እያስተዋሉ፣ ሌላ ጊዜ ከድምፅ ማጫወቻ የሚመጡ ቃላትን እያዳመጡ። ልምድ ያላቸው በቀኝ እግራቸው ሲጫወቱ ስለ እግራቸው ማሰቡ ጎዳቸው፤ ቃላቱ አላሰናከሏቸውም። በግራቸው ሲጫወቱ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ እንደ ጀማሪዎቹ ሁሉ እግራቸውን ማስተዋሉ ጠቀማቸው። ጎበዝ ተጫዋች እንኳ በግራ እግሩ ጀማሪ ነው። ጀማሪ ደግሞ እንዲያስብ ጸጥታ ያስፈልገዋል። እኛ በአጥሩ በኩል የምንልክለት ቃላት ነው።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ያ ሁሉ ድምፅ ወደ ዲኤስ ቲቪ ቤት ይሄዳል። አርሴናልና ማንቼ ከሆኑማ ጎፋ ይናወጣል። መቶ ሰው በአንድ አፍ «ጥፋት ነው!» ሲል ጣሪያው ይነሳል፤ ለንደን ያለው ዳኛ ግን አይሰማም። ይህን የምለው ደጋፊዎቹን ለማሾፍ አይደለም፣ እኔም አንዱ ነኝ። ግን አስቡት፤ ድምፃችን የሚጠቅምበት ቦታ ብሔራዊ ቡድኑ አጠገብ ነበር፣ ከዚያ ለዓመታት ተለየን። የማይሰማበት ቦታ ላይ ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንጮሃለን። የተረፈውን ደግሞ ገና የሚማር ልጅ ላይ እናፈሳለን።

ቦሌ ላይ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም በኔ እጅ አይደለም። የካፍ መስፈርትም እንደዚያው። አጥሩ ግን በኛ እጅ ነው። አሰልጣኙን አነጋገርኩት፤ እሱም ወላጆችን ሰብስቦ «ለአንድ ወር ልምምድ ላይ ማጨብጨብ ብቻ፣ ትእዛዝ የለም» አለ። አንዳንዱ ቅር አለው። አንድ አባት «ታዲያ ምን ልናደርግ ነው የምንመጣው?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የሚገርም ነበር፤ የልጆቹ የራሳቸው ድምፅ ተሰማ። ለካ እርስ በርስ ይጠራራሉ፣ «ከኋላህ!» ይባባላሉ፤ እኛ ነበርን የሸፈንነው። የእህቴ ልጅ ለምኜው ነው የመጣው። አጋማሽ ላይ ኳስ በግራው በኩል መጣችለት። ቆም አለ፣ እግሩን አየ፣ በግራው መታት። አጥሩን ዘልላ አስፋልት ላይ ወጣች።

ማንም ምንም አላለም። ኳሷን ሮጦ አመጣት፤ ቀጣዩንም በግራው መታ።